ጸሎታችንን ከእንጀራችን አታጣሉብን፦ ለፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ኮምቦልቻ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረስዎ።

እኛ በስፌት፣ በካውያና በማሸጊያ ክፍል የምንሠራ ሙስሊምና ክርስቲያን ሠራተኞች የመረጡን ተወካዮች ነን። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ ያስገደደን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው አዲሱ የሥራ ሰዓትና የሥነ ሥርዓት መመሪያ ነው። መጀመሪያ በቃል ተናገርን። ሱፐርቫይዘሮቹ «ከላይ የመጣ ነው» አሉን። ከዚያ ማመልከቻ አስገባን። «ይታያል» ተባልን። እስካሁን ያየልን የለም።

ማሞካሸት አናበዛም። ሥራ ስለሰጣችሁን እንሠራለን፣ ስለምንሠራም ትከፍሉናላችሁ። ደብዳቤው ተተርጉሞ እንደሚደርስዎም እናውቃለን። ተርጓሚው ወንድማችን ቃሉን እንዳያለሳልስብን አደራ ብለነዋል።

በጁምዓ እንጀምር።

ቀድሞ አርብ አርብ የምሳ ሰዓታችን ከቀኑ 6:30 እስከ 7:30 ነበር። ሙስሊም ወንድሞቻችን ፈጠን ብለው መስጊድ ደርሰው፣ ሰግደው ይመለሳሉ። ምሳቸውን በጉዞ ላይ የሚበሉ ነበሩ። ማንም አልተከፋም። መስመርም አልቆመም። አሁን ምሳ በምድብ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ምድብ 30 ደቂቃ ተሰጥቷል። ምድቡን የሚያወጣው ሱፐርቫይዘሩ ነው። ከ5:30 ላይ የወጣ ሰው ጁምዓን እንዴት ያገኛል? ከ7:30 ላይ የሚወጣውስ? ጁምዓ እኮ ለነገ የሚያድር ሶላት አይደለም። ከኢማሙ ጋር በጀማዓ፣ በሰዓቱ የሚሰገድ ነው። ያመለጠው ሰው ቤቱ ገብቶ የሚሰግደው ዙሁርን እንጂ ጁምዓን አይደለም።

በካውያ ክፍል የሚሠራ አንድ ወንድማችን ምድቡ ሳይደርስ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ለሱፐርቫይዘሩ ነግሮታል። ሲመለስ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታ መጥፋት» የሚል የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጠበቀው። የወሩ አቴንዳንስም (ሳይቀር ለሚሠራ የሚከፈለው ጉርሻ) ተቆረጠበት። አቴንዳንስ በእርስዎ ሒሳብ ትንሽ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ሆነን ለምንከራይ ሰዎች ግን የቤት ኪራይ ድርሻ ነው። ስለዚህ ልጁ በየሳምንቱ አርብ የሚጠየቀው ጥያቄ «ትሰግዳለህ ወይስ ኪራይ ትከፍላለህ?» ሆኗል። እስካሁን እየሰገደ ነው። ኪራዩን አብረውት የሚኖሩት ልጆች እያዋጡለት ነው። ከእነሱ መካከል ሁለቱ ክርስቲያኖች ናቸው።

ሴቶቹ ደግሞ ከማሸጊያው ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር የሚሰግዱት። ክፍሏ ለምንም የማትሆን ነበረች። እነሱ ጠርገው፣ ምንጣፍ አምጥተው ነው ቦታ ያስመሰሏት። አሁን ካርቶን ተሞልቶባታል። ልጆቹ ዛሬ የሚሰግዱት በሽንት ቤቱ መተላለፊያ ጫፍ፣ ከእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር አጠገብ ነው። የተቀደደ ካርቶን ዘርግተው። አንዷ ሱጁድ ወርዳ ግንባሯ መሬት ሲነካ፣ ሌላዋ በእግር የሚያልፈው ሰው እንዳይረግጣት ፊት ለፊቷ ቆማ ትጠብቃታለች። ሶላት ንጹሕ ቦታ ይፈልጋል። ክፍሉ ከሰው ተነሥቶ ለዕቃ ለምን እንደተሰጠ የነገረን የለም። ውጭ ያለው መጋዘን ግማሹ ባዶ እንደሆነ ግን ዕቃ የምንጭነው እኛው ስለሆንን እናውቃለን።

ወደ እሑድ እንምጣ። መመሪያው የእሑድ ሥራ «በፈቃደኝነት» ነው ይላል። ጥሩ ቃል ነው። ችግሩ ያልመጣ ሰው ስም ሰኞ ጠዋት በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ይለጠፋል። ፈቃድ ማለት እንዲህ ከሆነ ግዳጅ ምን ሊሆን ነው? አንዲት የስፌት ሠራተኛ የእናቷ አርባ እሑድ ላይ ዋለ። ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ፍትሐት አስፈትታ፣ ዘመድ አዝማድ ልትቀበል ነው። አስቀድማ ተናግራለች። ሰኞ ስሟ ሰሌዳው ላይ ነበር። ማቅ እንደለበሰች ቆማ ስሟን አነበበች። የወንጌል አማኝ ጓደኞቻችንም እሑድ ጠዋት የአምልኮ ፕሮግራም አላቸው። እነሱም ከዚያ ሰሌዳ ስማቸው ወርዶ አያውቅም።

ሕጉን እናንተም ታውቁታላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቆራረጠ ዕረፍት አለው ይላል። ይህም በተቻለ መጠን እሑድ እንዲሆን ይላል። ትርፍ ሰዓትም በልዩ ምክንያት ካልሆነ አይገደድም፤ ያውም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ይኸው አዋጅ ከልክሏል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27ም አለ። እኛ ከሕግ በላይ የሆነ ነገር አልጠየቅንም።

አሁን ስለ ማተብና ስለ ሂጃብ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እንፈልጋለን፤ ሰው በጣም የተጎዳው በዚህ ነው።

መመሪያው «ለደኅንነት ሲባል በአንገትና በራስ ላይ ማንኛውም ክር፣ ሻርፕና ጨርቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ደኅንነትን የሚጠላ የለም። የተንጠለጠለ ነገር በሞተርና በቀበቶ አጠገብ አደጋ እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ አይመጣም። መርፌ ጣቷን ያልወጋት ልጅ በመስመራችን ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም። ስለዚህ ማተቡ አጥሮ ከአንገትጌው በታች ይግባ ብለን ተስማምተን ነበር። ሂጃቡም በአገጭ ሥር ተይዞ ጫፉ በሽርጡ ውስጥ ይግባ ተባብለን ነበር። ልጆቹ እንደዚያው እያደረጉ ነው። ማሽን የያዘው ማተብም ሂጃብም የለም።

ይህ ሆኖ ሳለ አንድ ሱፐርቫይዘር በሥራ መሐል አንዲትን ልጅ አስቁሞ ክር መቁረጫዋን ከማሽኗ ላይ አነሳ። እዚያችው እጇ ላይ አስቀምጦ «ራስሽ ቁረጪው» አላት። መስመሩ ሁሉ እያየ ነው። ልጅቷ ከደሴ ዙሪያ የመጣች ናት። ያ ክር በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የታሰረላት ነው፤ ሲያልቅ እየተተካ እዚህ የደረሰ። በእኛ ዘንድ ማተብ የሌለው ሰው መሐላው አይታመንም። መቁረጫውን መልሳ ማሽኑ ላይ አኖረችው። ምንም አልተናገረችም። የዚያን ቀን ያለ ክፍያ ወደ ቤቷ ተሸኘች።

በማግስቱ ደግሞ አንዲት ከቃሉ ወረዳ የመጣች እህታችን ሂጃቧን አውልቃ በኮፍያ ብቻ እንድትሠራ ታዘዘች። ኮፍያውን ከሂጃቡ በላይ አደረገችው። «ሁለቱንም ለብሻለሁ» አለች። ይህም አልበቃም። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ላይ ናት።

ስለ ፆም እንናገር። በ2017 ዓ.ም ዐቢይ ፆም የካቲት 17 ገባ። ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ በመስመሩ ላይ ሁሉም ጿሚ ነበር ማለት ይቻላል። ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙስሊሙ እስከ መግሪብ። የኮምቦልቻን የመጋቢት ሙቀት ደግሞ ያውቁታል፤ ቢሮው ውስጥ ማቀዝቀዣ ቢኖርም።

በዚያ ወር ምን እናደርግ እንደነበር ቀርበው ቢያዩ ኖሮ ደስ ይልዎት ነበር። የማታ ሺፍት ያለን ሰዎች ከ12:30 አካባቢ አዛን ሲሰማ ሙስሊሞቹ ከሽርጣቸው ኪስ ተምር ያወጣሉ። አንድ ፍሬ፣ ከዚያ ውኃ። ከአጠገቧ ያለችው ክርስቲያን ልጅ ወንበሯን ሳብ አድርጋ የጓደኛዋን ሥራ ትቀበላለች። ኪስ ትሰፋ የነበረችው ኪስም ኮሌታም ትሰፋለች። ያቺ ሰግዳ እስክትመለስ ማሽኑ አልቆመም። ስቅለት ደግሞ በተራው ሙስሊሞቹ የክርስቲያኖቹን ሺፍት ይዘው ስግደት ሰደዱዋቸው። ይህን ያዘዘን አልነበረም። ከቤታችን ይዘነው የመጣን ነው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት አጎቱ ሼህ፣ አክስቱ መነኩሲት የሆነ ሰው ሞልቷል። ስንኮራበት አይደለም፤ እንዲሁ ነው የምንኖረው።

አዲሱ መመሪያ ይህንን ነው የከለከለው። «የሌላ ሠራተኛ ማሽን መያዝ፣ መተካካትና መሸፋፈን በዲሲፕሊን ያስቀጣል» ይላል። ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ይህ መስመር ነው። ማን ምን አጎደለ? ቁራጩ አልጎደለም። ታርጌቱ ሞልቷል። ለመረዳዳት ቅጣት የተጻፈበት ወረቀት ከዚህ በፊት አይተን አናውቅም።

ካንቲኑን በአጭሩ እንለፈው። ረቡዕና አርብ የፆም ወጥ አይገኝም። ሽሮ ብቻ ቢሠራ ይበቃን ነበር። ክርስቲያኑ ደረቅ ዳቦ በሻይ ይበላል። የዓመት ፈቃድም እንዲሁ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመሄድ፣ ወይም ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ ለመውጣት ከራሳችን የዓመት ፈቃድ ቀን ስንጠይቅ «ኦርደር አለ» ብቻ ነው መልሱ። ለሠርግ ሲሆን ግን ይፈቀዳል።

በወረቀት ያልተጻፈ ግን በየቀኑ የሚደርስብን ሌላ ነገር አለ። ፌዝ ነው። በጠዋት ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «ፆማችሁን ቤታችሁ ትታችሁ ኑ» አለ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የሚፆም ሁሉ «ፋራ» ሆነ። ዘግይቶ ሰግዶ የተመለሰ ልጅ «ሼህዬ መጡ» ይባላል። በየምሽቱ ከሥራ በኋላ አብሮ የማይጠጣ ሰው «ሰው አትሆንም እንዴ?» ይባላል። የመስመር መሪ ለመሆን ታስባ የነበረች ልጅ «በሂጃብ ከገዢዎች ጋር ፎቶ አትነሺም» ተብላ ቀርታለች። ይህ ሁሉ ቀልድ ነው ይሉናል። ቀልዱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ ሲወድቅ ግን ቀልድነቱ ይቀራል። ከገጠር የመጣች የአሥራ ዘጠኝና የሃያ ዓመት ልጅ እናቷ «ልጄ ሃይማኖትሽን» ብላ ሸኝታት ሲያበቃ፣ በከተማው የመጀመሪያ ወሯ ላይ እንዲህ ሲቀለድባት መቋቋም ቀላል አይደለም። አንዳንዶቹ ተሸንፈዋል። ማተባቸውን በጥሰው፣ ሂጃባቸውን በቦርሳ ይዘው ይገባሉ። ስንወጣ በር ላይ ደግመው ያስሩታል። እነሱን አንወቅስም።

ይህን ስናይ የአገራችን ታሪክ ትዝ ይለናል። ከዚህ እስከ ደሴ፣ ከደሴም ትንሽ አለፍ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። ዛሬ ሰው የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በ1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ያደረጉት እዚያ ነው። የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተወሰነ። ክርስቲያኑም ቢሆን አልቀረለትም፤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለውን የሦስት ልደት ትምህርት የሚከተለው እምነቱን እንዲተው ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ሆኑ፣ ኋላም ንጉሥ። ሼህ ጠልሃ ግን እምቢ ብለው ተነሡ። ብዙው ሕዝብ ሁለቱንም አላደረገም። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ቀን የታዘዘውን አደረገ፣ ማታ በሩን ዘግቶ ሰገደ። ከዚያ ትእዛዙ አለፈ። ሶላቱ ግን ይኸው አለ፤ አርብ ቀን ከኮምቦልቻ መስጊዶች ደጅ ቆሞ መቁጠር ነው። ፋብሪካውን ከነገሥታት ጋር አናነጻጽርም፣ ያን ያህል ከባድ ነገር ደርሶብናል ማለታችንም አይደለም። ግን በር ላይ ሂጃቧን አውልቃ በር ላይ የምታስር ልጅ ስናይ ቅድመ አያቶቻችን ያለፉበትን መንገድ እናስታውሳለን። በ2018 ዓ.ም ለአንድ ሸሚዝ ብለን ወደዚያ መመለስ የለብንም።

ችግር ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ወላጆቻችን የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ አይተዋል። እኛ ራሳችን የ2014ቱን ጦርነት አይተናል። ከጥቅምት መጨረሻ አንስቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማው በታጣቂ እጅ ሲሆን መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ባንክ የለ። ብዙ ፋብሪካ ተዘረፈ። ሰው የሞተበት፣ የጠፋበት፣ የተደፈረችበት አለ። በዚያ ጊዜ «አብሽር» የሚለን ሌላ ሰው አልነበረም። ቤት ዘግተን ዱዓ ያደረግን፣ ውዳሴ ማርያም የደገምን ነን። ከዚያ ወጥተን ገና ሳንቋቋም ደግሞ አጎዋ፣ ያ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድል፣ ተቋረጠ። በታኅሣሥ 2014 ነው። የአሜሪካ ገበያ ሲዘጋ ስንቱ ጓደኛችን ወደ ገጠር ተመለሰ፣ ስንቱ ወደ አረብ አገር ሄደ። ስለዚህ ኦርደር ሲቀር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ ወይ ብላችሁ አትጠይቁን። እናውቃለን። ሥራው እንዲቆም አንፈልግም። በዚያ ሁሉ ውስጥ ያቆየን ነገር ነው አሁን በማስታወቂያ ሰሌዳ እየተነጠቅን ያለነው።

«አንዱን ሃይማኖት ካስተናገድን ሌላው ይነሣል» የሚል ሥጋት እንዳለ ከሰው ሀብት ክፍል ሰምተናል። ይህን ደብዳቤ አብረን ነው የጻፍነው። ስለ ጁምዓ ያለውን ክፍል ያረቀቀችው ባለ ማተቧ ናት። ስለ እሑድ ያለውን ደግሞ ጸሐፊያችን፣ የመስጊድ ልጅ፣ አስተካክሎታል። «አርባውን ለምን በደንብ አላብራራችሁም» ብሎ ነው የተቆጣን።

ስሌቱም ይታሰብልን። በአንድ ሺፍት ውስጥ የሚገቡት ሶላቶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ውዱእን ጨምሮ እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሁለቱ ተደምረው ያው የሻይ ዕረፍት ነው። በጁምዓ የሚጎድለውን ደቂቃ በማግስቱ ቀድመን ገብተን እንሞላለን። ይህን ለመፈረም ዝግጁ ነን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

የአርብ የምሳ ሰዓት ለሚሰግዱ ሠራተኞች እንደ ቀድሞው ከ6:30 እስከ 7:30 ይመለስ። የጎደለው ሰዓት እንዴት እንደሚሞላ ከእኛ ጋር ተነጋገሩ።

የሶላት ክፍሏ ከካርቶን ትለቀቅ። ካስፈለገ ካርቶኑን ከሥራ ሰዓት ውጭ እኛው ወደ መጋዘኑ እናዛውራለን።

የእሑድ ሥራ እውነተኛ ፈቃድ ይሁን። ያልመጣ ሰው ስም በሰሌዳ አይለጠፍ።

ማተብ ከአንገትጌ በታች፣ ሂጃብ በሽርጥ ውስጥ ሆኖ እንዲሠራበት በመመሪያው በጽሑፍ ይግባ። ያለ ክፍያ ወደ ቤቷ የተሸኘችው ልጅ የቀኗ ደመወዝ ይከፈላት። በዚህ ምክንያት የተሰጡ ማስጠንቀቂያዎች ከፋይል ይውጡ፤ የተቆረጠውም አቴንዳንስ ይመለስ።

የመተካካት ክልከላው ይሠረዝ። ከፈለጋችሁ በሱፐርቫይዘር ፊርማ ይሁን፣ እንስማማለን።

ረቡዕ፣ አርብና በአጽዋማት ካንቲኑ አንድ የፆም ምግብ ይሥራ።

በሃይማኖት ላይ የሚያፌዝ ኃላፊ እንደማንኛውም ጥፋተኛ ይጠየቅ። የመስመር መሪነት ዕድል በሂጃብ የቀረባት ልጅ ጉዳይ እንደገና ይታይ።

መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በወሩ መጨረሻ ካልደረሰን ጉዳዩን ሕግ ወደሚፈቅደው አካል እንወስዳለን። እስከዚያው ሥራችንን እንሠራለን፤ ሰዓቱ ሲደርስም እንሰግዳለን፣ እንጸልያለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የስፌት፣ የካውያና የማሸጊያ ክፍሎች የሠራተኞች ተወካዮች
ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦
ለፋብሪካው መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር
ለሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ